የብሩ ቆዳ

የባንተአምላክ በሬ ዳልቻ በሚያዝያ መጨረሻ ሆዱ ተነፍቶ አደረና ጠዋት እግሩን ዘርግቶ ተገኘ። ከማንኩሳ ወዲያ ያለው ማሳ ለበቆሎ ገና መታረስ መጀመሩ ነበር። የቀረው በሬ ወይኖ ብቻውን ቀንበር አይጎትት፤ እንደ እሱ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤቶችም ቀደም ብለው ተቀናጅተው ጨርሰዋል። ጥንድ በሬ ያለው ጎረቤቱ ክንዱ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ይተካልዎት። መሬቱ ጦም ከሚያድር እኔ በእኩል ልረሰው፣ ምርቱን እንካፈላለን» አለ።

«እስቲ እናያለን» አለ ባንተአምላክ። ክንዱ በእኩል የያዘው መሬት ወደ ባለቤቱ እጅ ሲመለስ ያየ ሰው በዚያ ቀበሌ የለም።

ክንዱ ሲሄድ ባንተአምላክ ከጓዳ ቅሉን አምጥቶ እናቱ የተወችለትን ብር አወጣ። አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር ነው። እናቱ እንደ ሌሎች ሴቶች ቀለበት አስበይዳ አንገቷ ላይ አላንጠለጠለችውም፤ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ኖሮ ጠቁሯል። ልጁ ያምሮት በስልኳ ፎቶ አነሳችው። መንገዱ አያስተማምንምና ብሩ ቤት ይቆይ፣ እሷ ቡሬ ሄዳ አሮጌ ጌጥ ለሚነግደው ለአብዱልሀኪም ፎቶውን አሳይታ የበሬ ዋጋ ያወጣ እንደሆነ ትጠይቀው ተባለ።

አብዱልሀኪም ስልኩን ካይኑ አስጠጋ፣ ደግሞ አራቀ።

«ይሄ ጥቁረት የብሩ ነው የስልክሽ?»

«የብሩ ነው ጋሼ። ስልኬ እንኳ ለመጥቆር ገና ነው።»

ሳቀና ከመሳቢያው ሁለት ብሮች አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ፤ አንዱ የሚያበራ፣ አንዱ ጥቁር። «አንዱን ውሰጂ ብልሽ?»

የሚያበራውን ነካች።

«ሰው ሁሉ እንዳንቺ ነው» አለና አጉሊ መነጽር ሰጣት። «መጀመሪያ ከፍ ከፍ ያለውን እዪ። የዘውዱን ጫፍ፣ የአንበሳውን ጋማ። እጅ ያሸው ብር እዚያ ነው የሚያልቅ።»

የሚያበራው አንበሳ ጋማው ተላጭቷል። የጥቁሩ ጸጉር በጸጉር ይታያል።

«አሁን ዘንበል አድርጊው፣ ቀስ ብለሽ።»

በጥቁሩ ላይ፣ ከጥቁረቱ ሥር፣ ብርሃን ጠርዙን ይዞ ዞረ። የሚያበራውን ስታዘነብለው ግን ብርሃኑ ባለበት ቆመ። ፊቱ ላይ በቅጠል እንደተጠረገ አውድማ ቀጫጭን ጭረት ተጋድሟል።

«ጥቁሩ ቆዳው ነው» አለ አብዱልሀኪም። «ከነቆዳው ያለውን ብር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ በሬ ይገዛል። ቆዳው የተገፈፈ ግን ቀልጦ ቀለበት ለሚሆን በሚዛን ይሸጣል። የናንተው እንደ ፎቶው ከሆነ በሬ ነው። ብቻ እንዳትነኩት። አመድ በሉ ሎሚ፣ እንዳታስጠጉበት።»

ከሱቁ እንደወጣች ደወለች። ኔትወርክ የለም። ከቅል ውስጥ ማን ይነካዋል ብላ ራሷን አጽናናች። በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ የመለሰላትን የአንድ ብር ሳንቲም እያዘነበለች ከፍ ከፍ ያለውን ስታይ መጣች። ዕውቀቱ እንደ አዲስ ጫማ ነበር፤ ደስ አላት።

አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የተጨመቀ ሎሚና በጣሳ አመድ አለ፤ ብሩ ጉልበቱ ላይ ያበራል።

«ነይ እዪ!» አላት። «ለገዥ ቆሻሻ አያሳዩም።»

ባንተአምላክ በዕድሜው ያልታጠበ ከብት ገበያ አውጥቶ አያውቅም። ወንዝ ወርዶ አጥቦ፣ ጭራውን አበጥሮ፣ ቀንዱን ቅቤ ቀብቶ ነው የሚነዳው። ያልታጠበ ከብት ባለቤቱን ያሰድባል ይላል።

ያምሮት ብሩን ተቀብላ ወደ ፀሐዩ አዘነበለችው። የት እንደምታይ ታውቃለች። ጋማው ሙሉ ነው፣ የእጅ ጣት ያልነካው። በዙሪያው ግን አውድማው ተጠርጓል። ደግማ አዘነበለችው። ብርሃኑ አልዞረም። ቡሬ ባትሄድ ኖሮ ይሄኔ ከአባቷ እኩል ትደሰት ነበር።

«እንዴት ነው?»

«ያበራል፣ አባዬ።»

«እጄ ዛለ። ሰውየውስ ምን አለ?»

«በሬ ይገዛል አለ።»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። አብዱልሀኪም ብሩን አንዴ አገላበጠና መነጽሩን ሳያነሳ ሚዛኑን ሳበ።

«ሚዛን ለሽንኩርት ነው» አለ ባንተአምላክ።

አብዱልሀኪም ዋጋ ተናገረ። የሁለት ዶሮ ዋጋ ነው።

«ትናንት በፎቶ በሬ የነበረ ዛሬ በእጅ ዶሮ ሆነ? ወይስ ልጄ ናት የዋሸችኝ?»

«አልዋሸችም፣ አባቴ። ነገር ግን ብሩ…» አለና ያምሮትን ቀና ብሎ አያት። የአባቷ ጣቶች ጥፍራቸው ሥር አሁንም አመድ አለ። እንዳይነግረው ራሷን በቀስታ ነቀነቀችለት። ሰውየው ብሩን በሁለት እጁ መለሰ።

«ከዚህ በላይ አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሌባ» አለ ባንተአምላክ መንገድ ላይ። «ጥራቱን ሲያይ ጎመጀ።» ያምሮት በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ አየች። የሰውየውን ስም ለማጽዳት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያ ቃል ግን የሚያርፈው አባቷ ላይ ነው።

ግንቦት ሳይጋመስ የክንዱ ጥንድ በሬዎች ማሳው ውስጥ ገቡ። ባንተአምላክ ጅራፍ ሳይዝ ድንበሩ ላይ ቆሞ አየና ወደ ቤት ተመለሰ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩን ከቅሉ ያወጣዋል። የሚያውቅ ገዥ መምጣቱ አይቀርም፣ ሲመጣ ደብዝዞ አይጠብቀው ይላል። አመዱን በጣቱ ጫፍ ወስዶ ያሻል፣ ያሻል፣ ከዚያ ለያምሮት ያቀብላታል። እሷም ታዘነብለዋለች። መጀመሪያ የምታየው ጋማውን ነው።

«ያበራል?»

«ያበራል፣ አባዬ።»