እርሾ ያለበት አፍ

ኅዳር 7 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፊት ልጇን አዝላ ሆሳዕና ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ በመጣችበት ጠዋት፣ በአሥራ አንድ ወሩ ዳኘ ምላስ ላይ አራት ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። ትልቁ የምስር ፍሬ ያህላል። ልጁ ኩፍኝ ከለቀቀው ሦስት ሳምንቱ ነው። ትኩሳት የለውም፤ ጡት ይጠባል፤ ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም ይመዝናል። ሕሙማን የሚያየው የክሊኒኩ ድሬሰር ሽብሩ ይህን ሁሉ ካርዱ ላይ ጻፈ። ከነጩ ጥቂት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ክብ ክብ የሆኑ፣ ከጎናቸው ትንንሽ እምቡጥ ያወጡ ነገሮች አገኘ። ምን እንደሆኑ ያውቃል።

«እርሾ ነው» አላት።

«እርሾ?»

«አዎ፣ እርሾ። አፉ ውስጥ ተራብቷል።»

ሽብሩ እዚያው ከተማ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሰው ልጅ ነው፤ ሀዲይኛው ለገበያ እንጂ ለሕክምና አይበቃም። የትርፊት አማርኛም እንደዚያው የገበያ አማርኛ ነው። በር ላይ አርባ ሰው ተራ ይጠብቃል። የልጁን አፍ ሐምራዊ መድኃኒት ቀባ፤ የቀረውን በትንሽ ጠርሙስ ሰጣት፤ በቀን ሁለት ጊዜ እንድትቀባው አሳይቶ ሸኛት። እርሾ ሲላት ምን እንደገባት አልጠየቃትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። አማቷ ጣቢታ አብረዋት ነበሩ። ልጁ ለማልቀስ አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣው ግን የተዘጋ ድምፅ ነው። ነጩ ምላሱንና ላንቃውን አልብሶ ወደ ጉሮሮው ወርዷል። ጡት ሲሰጡት ሁለቴ ሳብ አድርጎ ፊቱን ያዞራል። ሚዛኑ ላይ ስድስት ኪሎ ከሰማንያ ግራም ሆነ። ሽብሩ አንሥቶ እንደገና አስቀመጠው። ያው ነው።

«መድኃኒቱን ትቀቢው ነበር?»

«በቀን ሁለቴ።» የልጁ ከንፈር ዳር እስከ አገጩ ሐምራዊ ነው።

«ቀብታዋለች እንጂ» አሉ ጣቢታ። «አንተ ልጄ፣ የሰጠኸን መድኃኒት ነው ወይስ የቤት ቀለም?»

ከዚህ የበረታ መድኃኒት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ተጽፎ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ልጁ በአሥራ ሁለት ቀን ስምንት መቶ ሃያ ግራም ጎድሏል። ሁለት ሳምንት የለውም።

የተማረውን ከሥር ጀምሮ አሰበው። ይህ እርሾ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍም ይኖራል። ነጭ የደም ሕዋሳት እያሳደዱ ስለሚበሉት ከልኩ አያልፍም። ኩፍኝ ሕዋሳቱን ያደክማል። ሰውነት ካገገመ ግን እነሱም ይመለሳሉ፣ ነጩም ይቀንሳል። የዳኘ አልተመለሱም። ለምን?

እኩለ ቀን ላይ ጣቢታ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ከአጥሩ ውጭ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲበሉ በመስኮት አያቸው። ተከትሏቸው ወጣ።

«እማማ፣ ምነው ከምራትዎ ተደብቀው?»

«ተባርሬ ነው እንጂ መች ተደበቅኩ። ቆጮ ልጁ አጠገብ አይድረስ ብላለች። ያዘዝከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ?»

«እርሾ ገባበት አላልክም? ቆጮ ያለ እርሾ ቆጮ ይሆናል? መጀመሪያ ያው የእንሰት ነው ብላ ልጁን ቡላ ከለከለችው። ቀጥላ በጡቴ ይገባበታል ብላ ራሷም ተወች። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን በጎመንና በቆሎ። ወተቷ ነጥፏል፤ ልጁ የሚስበው አየር ነው።»

ሽብሩ አጥሩን ይዞ ቆመ። በዚያ ቤት ከቆጮ ሌላ የረባ ምግብ እንደማይኖር ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ልጁንና እናቱን ያስራባቸው የእሱ አንድ ቃል ነው።

ገብቶ ትርፊት ፊት በርከክ አለ። «ቆጮውን ብዪ። የልጁ እርሾ ሌላ ነው፣ የቆጮው ሌላ።»

«ያን ቀን አንድ ነበር» አለች። «ልጄ ሊሞት ሲል ሁለት ሆነ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ ያጠፋሉ። በልቼ ቢሞት ግን የገደልኩት እኔ ነኝ። አልበላም።»

ጣቢታ ተከትለው ገብተው በሀዲይኛ ደገሙላት፤ ተቆጡ፤ ለመኑ። ራሷን ነቀነቀች።

ሽብሩ ተነሥቶ ከልጁ ምላስ ፍቆ መስታወት ላይ አደረገና ማይክሮስኮፑን አስተካከለላት። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና አየች።

«ብዙ ነው» አለች።

ቀጥሎ የራሱን ምላስ ፋቀ። ምንም የለም። ጉንጩን ከውስጥ ፋቀ፤ እዚያም የለም። ጣቢታ «ምላስህን ልትጨርሰው ነው» አሉት። እንደገና ፍቆ በአራተኛው መስታወት ዳር እምቡጥ ያወጡ ሁለት ክቦች አገኘና አሳያት።

«ይኼስ የማን ነው?» አለች ትርፊት፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

«የእኔ።»

ቀና አለች። «ታዲያ ለምን አልታመሙም?»

«ደሜ ውስጥ ይኼን እየፈለጉ የሚበሉ አሉ። እነሱ የሚበረቱት እኔ ስበላ ነው። ዛሬ ጠዋት የበላሁት ቆጮ ነው።»

ከዚያ ከአማቷ እጅ ቆጮውን ተቀብላ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ቁራሽ አፏ ውስጥ እንደያዘች፣ ሳትውጠው ልጇን እያየች ቆየች።

ልጁን ክሊኒኩ ውስጥ አስተኙት። ሽብሩ በየግማሽ ሰዓቱ የተፈላ የላም ወተት በጠብታ ይሰጠው፣ አፉንም ጠዋትና ማታ ይቀባው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ክብደቱ ወደ አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሰማንያ ግራም ወረደ። ለትርፊት ቁጥሩን አልነገራትም፤ እሷ ግን ከሽብሩ ፊት አውቃ መብላት አቆመች። ጣቢታ አጠገቧ ተቀምጠው «አፍሽን ክፈቺ፤ አንቺንም እንደ ልጅ ላጉርስሽ?» እያሉ በእጃቸው አጎረሷት። በአምስተኛው ቀን ጡቷ ወተት አጋተ። ዳኘ ስድስት ጊዜ ሳብ አደረገ፤ ሁለቴ ሲውጥ ተሰማ።

በስምንተኛው ቀን ስድስት ኪሎ ከአንድ መቶ ሃምሳ ግራም መዘነ፤ ከተኛበት ቀን በሰባ ግራም ይበልጣል። ሚዛኑ ሊስት የሚችለው እስከ ሃምሳ ግራም ነው። ቢስት እንኳ ሃያው የዳኘ ነው።