ለደምሴ የጎደለው ማግ

«የራሳቸው ፈትል ለራሳቸው ፍትሐት በራላቸው፤ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?» አለች አሰለፈች፣ ሰም የነካው ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ እየጠረገች።

እቴነሽ ባዶውን ሙዳይ ይዛ ቆመች። ዕለቱ ቅዳሜ፣ እናቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጎረቤታቸው አሰለፈች ለሰልስቱ ጧፍ ስታዘጋጅ፣ ሙዳዩ ውስጥ ያገኘችውን ሦስት ልቃቂት ፈትል በሰም ነክራ ጧፍ አድርጋዋለች። ጧፉም በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ነዶ አልቋል። የተደረገው በቅንነት ነበርና እቴነሽ ሙዳዩን ከድና ወደ ቦታው መለሰችው። ያ ፈትል ግን ኤርትራ ግንባር ለዘመተው ወንድሟ ለደምሴ የሚሸመነው ጋቢ የመጨረሻ ማግ ነበር።

ድሩ ሸማኔው አያሌው ዘንድ ከተወጠረ ሰንብቷል። የደምሴ ጓድ ፈንታሁን ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ወደ ጋይንት ሲያልፍ ደብረ ታቦር እነርሱ ቤት አድሮ ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ድንቅነሽ ሲመለስ ጋቢውን እንዲወስድላቸው ቃል አስገብተውታል። የሚመለሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኞ ነው።

ደምሴ የእናቱን ሞት አልሰማም። በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ከብቦ፣ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጥል ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። ስለዚህ እቴነሽ በሕይወት እስኪመለስ ድረስ ከማንም አፍ እንዳይሰማ ቆርጣለች። ችግሩ፣ ደምሴ በልጅነቱ ለእናቱ ክር እያጠነጠነ ያደገ መሆኑ ነው። ጋቢው ቢቀር ይጠረጥራል፤ የሌላ ሰው ማግ ቢገባበት ደግሞ በጣቱ ይለየዋል።

የእቴነሽ ክር ጉጥ የበዛበት ነበር። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች እርሷ የፈተለችውን እናቷ አንድ ክንድ ያህል ስበው አይተው፣ «ይህስ ለአህያ መጫኛ ይሆናል» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እንዝርቱን ነሷት፤ የጓሮውን ዶሮዎች ግን ሙሉ በሙሉ ለእርሷ ለቀቁላት።

ሐዘን ላይ ተቀምጦ መፍተል ነውር ነው። እቴነሽ ሰኞ ጠዋት ጥሬ የያዘ ሰፌድ አንሥታ፣ ከእናቷ የተረፈውን ባዘቶና እንዝርቱን ከሥሩ ደብቃ፣ ወደ ዶሮ ቤት ገባች። ክሩ ተበጠሰ፤ ቀጠለችው። እንደገና ተበጠሰ። የመጀመሪያውን ልቃቂት ዕንቁላል ለታቀፈች ዶሮ ጉዝጓዝ አደረገችው። ከቀትር በኋላ እናቷ በመጨረሻው ዓመት ዓይናቸው ሲደክም እንዴት ይፈትሉ እንደነበር አስታወሰች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ በጣታቸው ብቻ ነበር። እቴነሽም ዓይኗን ጨፈነች።

ማክሰኞ ቀይዋ ዶሮ አናቷ ላይ ባለው ኩክኒዋ የጥጥ ብናኝ ተሸክማ ወደ ዳሱ ገባች፤ በሐዘንተኞቹም መካከል ቀስ ብላ አለፈች። አንዲት አሮጊት፣ «እንግዲህ ዶሮዋም ፈታይ ሆነች» አሉ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። የሟቿ ወንድም አያ ጓንጉል ግን ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

«የእናትሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ?» አሉ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ቆመው።

እቴነሽ እንዝርቱን አልደበቀችም። የጋቢውን ነገር ከመነሻው ነገረቻቸው። አያ ጓንጉል አዳምጠው ሲያበቁ፣ የእናት ሞት ከልጅ እንደማይደበቅ፣ ደብዳቤ አጽፎ መላክ እንደሚገባ በቁጣ ተናገሩ።

«አባቴ የሞቱ ዕለት ደምሴን ጨብጠው የያዙት አንቱ ነዎት፤ ጉልበቱን ያውቁታል» አለች። «እዚያ ምሽግ ውስጥ ማን ይይዘዋል?»

አያ ጓንጉል ምርኩዛቸውን ወደ መሬት አወረዱ።

«ሲመለስ ቢረግመንስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይርገመን። መመለሱ ይበቃኛል።»

ሽማግሌው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስከ ሐሙስ ድረስ፣ ወደ ጓሮ ብቅ ያለውን ሁሉ «ዶሮዎቹ ላይ ፈንግል ገብቷል፤ አትቅረቡ» እያሉ ሲመልሱ ዋሉ።

ሐሙስ ማታ አያሌው ሦስቱን ልቃቂት ተቀበለ። ከአንዱ ክር ስቦ፣ ቀድሞ ወይዘሮ ድንቅነሽ ራሳቸው ካመጡለት ማግ ጎን አድርጎ በሁለት ጣቱ ደጋግሞ አሸው። የጧፉን ታሪክ ሰምቷል።

«ከሁለቱ የእሳቸው የትኛው ነው?»

«ሁለቱም» አለች እቴነሽ።

አያሌው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ወረደ።

ሰኞ ጠዋት እቴነሽ ጋቢውን ይዛ፣ ፈንታሁን ወደ ቤት ሳይመጣ ልትቀድመው መናኸሪያ ደረሰች። አጥሩ ጥግ ቆመችና ለሐዘን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አውልቃ፣ አቃንታ ለበሰችው። ሁለት የሠፈር ሴቶች አይተዋት ተጠቃቀሱ። አልተመለከተቻቸውም።

ፈንታሁን ከጋይንቱ አውቶቡስ ወርዶ ጋቢውን ተቀበላት።

«እማማ ድንቅነሽስ? ሳልሰናበታቸው ልሄድ ነው?»

«ጉልበታቸውን አሟቸዋል። ለልጄ ብርድ እንዳይነካህ በልልኝ ብለዋል።»

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ጢስ ነው።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ፈንታሁን ተሳፍሮ በመስኮት እጁን አወዛወዘ፤ እርሷም አወዛወዘች። አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ እጇን አላወረደችም። ከዚያ ነጠላዋን እንደገና አዘቀዘቀችና ጥለቱን አፏ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ዳገቱን ወጣች።