ከኮሪደሩ ወዲህ

ወይዘሮ ኦዴሳ ትሪምብል የእሑድ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ገቡ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሲሠሩ ካበሏቸው ልጆች ብዙዎቹ አድገው ዛሬ በተከሳሾች አግዳሚ ላይ ተኰልኩለዋል። የሁሉም ከሳሽ አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ነው።

ባለቤታቸው ሩፈስ በኩላሊት ሕመም ማቅቀው ሲያርፉ፣ የሐኪም ቤቱ ዕዳ ቤታቸውን ሊውጥ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ኦዴሳም ለማንም ሳይናገሩ በርሚንግሃም ከተማ ድረስ ሄደው መክሰራቸውን ለፌዴራሉ ዳኛ አመለከቱ፤ ዳኛውም በኪሳራ ሕጉ መሠረት ዕዳውን ሰረዙላቸው። ሰብሳቢው ግን ያንኑ የተሰረዘ ዕዳ ከሐኪም ቤቱ በርካሽ ገዝቶ፣ ሦስት ዓመት በስልክና በደብዳቤ ሲያዋክባቸው ኖሮ በመጨረሻ ከሰሳቸው። የዳኛው ትእዛዝ በቦርሳቸው አለ። የሚያንገበግባቸው በአገሬው ሰው ፊት «ከስሬአለሁ» ማለቱ ነው። የትሪምብል ቤት የሰው እጅ አይቶ አያውቅም ነበርና።

የድርጅቱ ጠበቃ ጉዳያቸው ዳኛው ፊት ሳይቀርብ ተከሳሾቹን አንድ በአንድ ወደ ኮሪደር ያወጣል። የመክፈያ ውል ሳይፈርም የተመለሰ የለም። ሰው ጉዳዩ በአደባባይ እንዳይነሣበት ሲል ያልበላውንም ይከፍላል፤ ጠበቃው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ወይዘሮ ትሪምብል፣ እስቲ ወደ ውጭ ብቅ ይበሉ።»

«የተከሰስኩት እዚህ ነው። እዚሁ ጠይቀኝ።»

ጠበቃው ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለክብርዎ ብዬ እኮ ነው። ትንሽ ይክፈሉና ነገሩ ሳይሰማ ይቅር።»

ከጎናቸው የተቀመጠው መካኒኩ ዊልበርን ክንዳቸውን ነካ አድርጎ በትምህርት ቤት በለመደው ስም ጠራቸው። «ሚስ ኦዴሳ፣ ይውጡና ይገላገሉ። እኔም ዕዳው የማን እንደሆነ ሳላውቅ ፈርሜ ተገላገልኩ።»

«አንተማ ድሮም ፎሶሊያህን ከሳህን ሥር ደብቀህ ነበር የምትወጣው!»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። በዚህ መካከል ዳኛው ገብተው ተሰየሙ፤ የወይዘሮ ኦዴሳም ስም ተጠራ። እሳቸውም የፌዴራሉን ዳኛ ትእዛዝ ከቦርሳቸው አውጥተው ተነሡ።

«ክቡር ዳኛ፣ ከስሬአለሁ። ባሌን ሳስታምም ያለኝን ሁሉ ጨርሼ ከስሬአለሁ። አንዲት ሳንቲም ሳልደብቅ፣ ሕጉ ያዘዘኝን ፈጽሜ ነው ዕዳው የተሰረዘልኝ፤ ትእዛዙ ይኸው። ይህ ሰው የሞተ ዕዳ ቀስቅሶ ለክብርዎ ሲሉ ይክፈሉ ይለኛል። ክብሬን የሰጠኝ እርሱ አይደለም!»

ዳኛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ጠበቃ፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

ጠበቃው መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር። ዳኛው ክሱን ዘጉት፤ ድርጅቱ ዳግመኛ ቢደውልባቸው ዕዳውን በሰረዙት ዳኛ ፊት እንደሚጠየቅም አስጠነቀቁ።

ጠበቃው ቀጣዩን ስም ጠርቶ የኮሪደሩን በር ከፈተ። የተጠራችው ሴት ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም።

ዊልበርን ጭንቅላቱን አከከ። «ሚስ ኦዴሳ፣ የፈረምኩትን ማፍረስ ይቻል ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዳኛው እዚያ ተቀምጠዋል» አሉ ወይዘሮ ኦዴሳ። «ተነሥና ጠይቅ። ደግሞ ቀጥ ብለህ ቁም!»