የአንጋፋው በግ

ከሊል በታናሽ እህቱ ቀንቶ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እሱ ለሳምንታት ሌላ ሌላ ስም ሲሰጠው ስለከረመ ነው። አንዴ «ድካም ነው» ይላል፤ አንዴ «ለቤተሰቡ አስቤ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው። ቅናት ነው፤ ያውም አንጀት የሚያሳርር፣ የበሉትን የሚያስመርር ቅናት።

እህቱ ሰቢሪና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጎባ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ጠዋት ከሮቤ በሚኒባስ ሄዳ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማ ሳትቀይር፣ ምሳዋን ከቤት እየቋጠረች ከደመወዟ ስትቆጥብ ኖረች። ለትዳሯ ነው ብለው ሁሉም ዝም አሏት። አንድ ዓርብ ምሳ ላይ ግን አባቷን መሀመድአወልን ቀና ብላ አየቻቸውና «አባ፣ አውሮፕላን ማብረር ልማር ነው» አለቻቸው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ለግል አብራሪነት ፈቃድ አርባ ሰዓት መብረር አለባት፤ የሚከፈለውም በየሰዓቱ ነው። የሷ ቁጠባ ለአሥር ሰዓት ይበቃል። ሠላሳው ይቀራል።

«ከዚያስ ይቀጥሩሻል?» አሉ አባትየው።

«የለም አባ፣ አልዋሽም። ይሄ ፈቃድ ለራስ ነው፤ ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበል አይፈቅድም። እሱ ሌላ ትምህርት አለው። ግን ያለዚህ ወደዚያ አይኬድም።»

«እንግዲህ ሠላሳ ሰዓት ለሽርሽር!» አለ ከሊል።

«ለመብረር» አለችው።

መሀመድአወል እጃቸውን ታጥበው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «ሂርጳ እንጥራ» አሉ።

በባሌ ሂርጳ የተጠራ ዘመድ አይቀርም። አንድ ሰው ሲቸገር ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲጀምር ጎሳውን ይጠራል፤ የተጠራውም ከከብቱ ይሰጣል። የነሱ ጎሳ ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። ቀድሞ የሚሰጠው የጠሪው አንጋፋ ወንድም ወይም እህት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ሰው ሽማግሌም ቢሆን ሀብታምም ቢሆን ከአንጋፋው አያስበልጥም። ከአንጋፋው በላይ መስጠት አንጋፋውን በአደባባይ ማዋረድ ነው። ጠሪው ራሱ አንጋፋው ከሆነ ግን መቅደሙም መወሰኑም ቀጥሎ ለተወለደው ይሆናል። የዚህ ሂርጳ ጠሪ ሰቢሪና ናት፤ ከመሀመድአወል ልጆች አንጋፋው ከሊል ነው፤ ቀጥላ የተወለደችው ሰቢሪና ናት፤ ሌላ ልጅ የለም።

ከሊል ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። ስንዴ በሚዘራበት አገር የኮምባይነር ኦፕሬተር ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። አዝመራው ሲደርስና ሰማዩ ሲጠቁር ከአጋርፋ እስከ ሲናና ያለ ገበሬ ሁሉ «ከሊልዬ፣ ነገ የኔን፣ ነገ የኔን» እያለ ደጁን ይጠናል። በዚህ ሥራ ሦስት በሬ ገዝቷል፤ የአባቱን ቤት ቆርቆሮ ቀይሯል፤ ሰቢሪናንም አስተምሯል። ሰው ሁሉ የቤቱ ምሰሶ ይለዋል። ምሰሶ ደግሞ ከቆመበት አይነቃነቅም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር።

ምክንያቱም ነገሩ መጀመሪያ የሱ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ የበረራ ትምህርት ማስታወቂያ አይቶ ቆርጦ አስቀመጠ። ብዙ ጊዜ አነበበው። ዋጋውንም አየ። ከዚያ ለአባቱ እንኳ ሳይነግር አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አባቱ የዚያን ዓመት ወገባቸውን ታመው ተኝተው ነበርና ከሊል ኮምባይነር ላይ ረዳት ሆኖ ገባ። ማንም አላስገደደውም። አንጋፋ ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ራሱ ለራሱ ፈረደ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሮቤ የሚያርፈው አውሮፕላን በማሳው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ኮምባይነሩን አቁሞ አንጋጦ ያያል። ረዳቶቹ የሞተሩን ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስላቸው ነበር።

እና አሁን ይቺ ትናንት አፍንጫዋን የጠረገላት ልጅ!

ትምህርት ቤቱ የላከላትን መጽሐፍ አንድ ቀን ወንበር ላይ ረስታው ሄደች። ከሊል ገለጠው። ነፋስ ክንፍን እንዴት እንደሚሸከም፣ ነፋስ ከጎን ሲመጣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወዴት ማዞር እንደሚገባ የሚለውን አነበበ። ገለባ የሚበትነውን ነፋስ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነውና ሁሉም ገባው። ሰቢሪና በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ያደረገችባቸው ቦታዎች ሳይቀሩ ገቡት። ባይገባው ይሻለው ነበር፤ ሲገባው ነው የባሰበት።

ስትመለስ መጽሐፉ በእጁ ነበር።

«ከፈለግክ አንብበው» አለችው።

«እኔ ሥራ አለኝ» ብሎ ወረወረላት።

የሂርጳው ቀን አንድ የጥር እሑድ ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ሠላሳ የሚሆን ዘመድ ግቢው ውስጥ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ቀረበ፤ ወተት ዞረ፤ ዱዓ ተደረገ። ሰቢሪና ተነስታ ጉዳይዋን ተናገረች። ፈቃዱ ደመወዝ እንደማያመጣም አልደበቀችም። ከሊል ይህን ስትል የዘመዱን ፊት አንድ በአንድ አየ፤ የሚያጉረመርም ሰው ፈለገ።

የአባቱ እህት አዳዳ መሪየም ናቸው የቀደሙት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንድ በሬ ስንት ሰዓት ያበርራል?»

«ሦስት ሰዓት ያህል፣ አዳዳ።»

«ማሻአላህ! የኔ በሬ በጉልበቱ አጥር እንኳ አይዘልም፤ ሲሸጥ ግን ሦስት ሰዓት ይበርራል በሉኛ!»

«ደመወዝ ካላመጣ ምን ያደርጋል?» አለ አንዱ።

«ፈረስህ ስንት ደመወዝ ያመጣልሃል?» አሉት መሪየም። «ለሰርግ ለብሰህ ስትወጣበት አይደል የምትኮራው?»

ሳቁ። ነገሩ እንደተወደደ ከሊል ገባው። ሁሉም ወደሱ ዞረ። ከሦስቱ በሬዎቹ ቀዩን እንደሚሰጥ ማንም አልተጠራጠረም፤ እንዲያውም የአጎቱ ልጅ ኢፋ ከጓሮ ጎትቶ ለማምጣት ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር።

ከሊል ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። ለሳምንት ሲያብላላው የከረመውን ቃል ተናገረ።

«አንድ በግ።»

 ኢፋ ገመዱን ቀስ ብሎ ከኋላው ደበቀው። አባቱ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ቀጥሎ የተቀመጠው ዘመድ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም አንድ በግ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው «በግ»። ጊደር ሊሰጥ የመጣው «በግ»። ወይፈን ያሰበው «በግ»። አዳዳ መሪየም ተራቸው ሲደርስ ከሊልን ትክ ብለው አዩት፤ «በግ» ሲሉ ቃሉን የተፉት ይመስሉ ነበር።

ሰቢሪና ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። ሦስት በግ አንድ ሰዓት ቢያስገኝ ነው። ሠላሳ በግ አሥር ሰዓት። ከሷ አሥር ጋር ሃያ። የፈቃድ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ከሊል ጣቶቿ ሲቆሙ አየና ደስ አለው። ደስ ማለቱ ራሱን አስደነገጠው፤ ግን ደስ አለው።

የቀሩት የአባቱ ታላቅ ወንድም ኦቦ አብዶ ብቻ ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የጎሳው የመጨረሻ ቃል የሳቸው ነው። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ።

«በጌን ከመስጠቴ በፊት» አሉ፣ «የከሊልን ከብት ላስረክብ።»

«የምን ከብት?» አለ ከሊል።

«ያ ከሊል፣ ያኔ ረዳት ሆነህ ስንዴዬን ልታጭዱ የመጣችሁ ቀን ትዝ ይልሃል? አውሮፕላን አለፈና ቆመህ አየኸው። "እኔም ይህን እማር ነበር" አልክ። ለራስህ ነው ያልከው፤ እኔ ግን ከኋላህ ነበርኩ። የዚያኑ ቀን ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ "ይህ ልጅ ሂርጳ ሊጠራ ነው፤ ዳለቻዋን ጊደር እንዳትሸጫት" አልኳት። ለወንድሞቼም ለእህቶቼም ነገርኩ። ጠበቅንህ። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ። አልጠራኸንም።»

ከሊል ወደሳቸው ተጠጋ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ለምን አልሰጡኝም?»

«ሳትጠራኝ? ያልጠራ ሰው ደጅ ከብት ነድቶ መሄድ "አንተ ድሃ" ብሎ መስደብ ነው። እስቲ እውነቱን ተናገር፤ ባመጣት ትቀበለኝ ነበር?»

አይቀበልም ነበር። በሩን ዘግቶ ይመልሳቸው እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ እሱ ያውቃል።

«እኔም ወይፈን አስሬልህ ነበር» አሉ መሪየም፣ አሁን ግን ሳይቀልዱ። «አንተን ስጠብቅ በሬ ሆነ፣ አረሰ፣ አረጀ፣ ታረደ።»

«አባቴም በቅሎውን እሰጣለሁ ብሎ ነበር» አለ ኢፋ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲል ያንተን ነገር እያነሳ ነው የሞተው።»

ከሊል ተቀመጠ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አባቱን ሲወቅስ፣ ድህነቱን ሲወቅስ፣ አሁን ደግሞ እህቱን ሲወቅስ ኖሯል። ለካ ጎሳው በሙሉ ከብቱን በገመድ ይዞ፣ አፉን እስኪከፍት ሲጠብቀው ነበር። ያ ሁሉ ቅናት የሚጣልበት ሰው አጣ።

«ዳለቻዋ ወልዳለች» አሉ ኦቦ አብዶ። «ወንዶቹን ሸጬ በልቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አራት ላሞች አሉ። ያንተ ናቸው። ለእህትህ አይደለም፣ ላንተ ነው የምሰጠው። የሷን መጠን አንተው ወስነሃል፤ ለሷ በግ ነው።»

አራት ላም። ከሊል ማሰቡን ማቆም አልቻለም። አራቱ ላሞችና ሦስቱ በሬዎቹ፣ ያ ሁሉ ሰዓት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ለመማር አይረፍድም። ቀና ሲል ሰቢሪና እያየችው ነበር። አላለቀሰችም። ተቆጥታለች።

«ቀንቼብሽ ነው» አላት። ሠላሳ ሰው ፊት ነው ያለው፤ ሌላ የሚለው ቃል አልመጣለትም።

«አውቃለሁ» አለችው። «መጽሐፉም ከኔ ይልቅ እንደገባህ አውቃለሁ። እኔ ግን ጠየቅኩ።»

ከሊል ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። ተነስቶ «በጉን ትቻለሁ። አራቱን ላሞች፣ ቀዩንም በሬ ጨምሬ» አለ። ግቢው ተንጫጫ። ኢፋ ገመዱን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ። በግ ያለው ሁሉ ቃሉን አነሳ፤ ጊደሩም ወይፈኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። አዳዳ መሪየም «በሬዬ እንደገና ተነሳ!» ብለው እልል አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠላሳው ሰዓት ሞላ፤ ለአዲስ አበባ የቤት ኪራይም ተረፈ። ሰቢሪና የእያንዳንዱን ዘመድ እጅ እየሳመች «ገለቶማ» ብላ አመሰገነች። የወንድሟንም እጅ ሳመች፤ እጁ ላይ ግን አልቆየችም።

ቅናቱ ለቀቀው ብል እዋሻለሁ። ዘመዱ ሊበተን ሲል ከሊል ኦቦ አብዶን ደጃፉ ላይ ደረሰባቸው። ኮምባይነር ላይ የሚጮኸው ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ኦቦ አብዶ፣ እኔም… ለከርሞ እኔም ብጠራችሁስ?»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! ይህን ለመስማት ነው በሕይወት ያቆየኝ። ጥራና፤ እንመጣለን!» ከዚያ ከዘራቸውን አዙረው ወደ ግቢው ጠቆሙ። «ግን ጠሪው አንተ ስትሆን ቀድሞ የሚሰጠው ካንተ ቀጥሎ የተወለደው ነው። ልማዳችንን ታውቃለህ።»

ሰቢሪና የወተቱን ጮጮ እየሰበሰበች አጠገባቸው ነበረች። ሰምታለች።

«አንድ በግ» አለች።

ዘመዱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ኦቦ አብዶ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ከሊልም አብሯቸው ሳቀ፤ ከዚያ እህቱን አየና ሳቁን ተወው። እሷ አልሳቀችም።