የኤይለርት የመጀመሪያ ጉበት

ልጆቼ፣ የኮድ ዓሣ ጉበት በእንፋሎት ሲቀልጥ ሸትቷችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ አይሽተታችሁ እላለሁ። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ሁለት ክረምት ሙሉ ጉበት ማቅለጫ ቤት ሠርቻለሁ። ዘይቱ ፀጉር ውስጥ ከገባ በሳሙና ቢታሽ፣ በሆምጣጤ ቢታጠብ አይለቅም። አንድ ቅዳሜ ጭፈራ ቤት አንዱ ጎረምሳ እጄን ይዞ ሁለት ዙር ዞረና፣ «ይቅርታ፣ ትንሽ አየር ልውሰድ» ብሎ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጉበት በአፌ ዞሮ አያውቅም። የዓሣ አጥማጆቹ ደሴት ሎፎተን ላይ ተወልዶ ጉበት አልበላም ማለት ደግሞ ነውር ነውና፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ጨጓራዬን ያመኛል» እያልኩ ኖርኩ።

ታዲያ ባለፈው የካቲት ልጄ ኢንግቪል ጭንቅ ውስጥ ከተተችኝ። ኢንግቪል የመርከብ መካኒክ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ወደ ባሕር ልትመለስ ነው። ባሏ ባሕር መሐል ነዳጅ ማውጫው ላይ ነው። ሕፃኑን ኤይለርትን እኔ ልይዝ ተስማምተናል። ሰባት ወሩ ነው፤ ከወተት በቀር ግን ምንም አልቀምስም ብሏል።

«እማ፣» አለችኝ ዓርብ ጠዋት፣ «እስከ ነገ ማታ ካንቺ እጅ ምግብ ካልበላ ቡደ ከተማ ወስጄ ለአባቱ እናት እሰጠዋለሁ። ቱሪድ አራት አሳድጋለች፤ እሷ እንኳን ምግብ ድንጋይም ታበላለች።»

ቱሪድ! አንጀቴ አረረ። ልጁ አንዴ እሷን ከለመደ ማን ይመልስልኛል?

ዓርብን ሙሉ ሞከርኩ። የአጃ ገንፎ ሰጠሁት፤ በምላሱ ገፍቶ አገጩ ላይ ደለደለው። ካሮት ቀቅዬ ፈጨሁለት፤ አስነጠሰና ዓይኔ ውስጥ ረጨው። ሙዝ ስሰጠው ደግሞ የበላ መስሎ ጉንጩ ውስጥ ሸሽጎት ቆየ፤ ከለሃጩ ጋር ለውሶ ለውሶ፣ ሞቅ ያለ ጥቁር ሙጫ ሲሆንለት አንገቴ ሥር ተፋልኝ። በጡት መያዣዬ ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። የልጅ ልጄን እወደዋለሁ። ያን ቀን ስንቴ ቋቅ እንዳለኝ ግን እኔና አምላኬ ነን የምናውቀው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ታላቅ እህቴ ኡድሩን በሩን በክርኗ ከፍታ ገባች። በአንድ እጇ ገና ከጀልባ የወረደ ዓሣ፣ በሌላው ፌስታል። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላየው ጠረኑ ነገረኝ።

«ካሮት!» አለች ሳህኑን አይታ። «ጥንቸል ነው እንዴ የምታሳድጊው? እዚህ ደሴት ላይ የትኛው ልጅ ነው ከዓሣና ከጉበት በፊት ካሮት የቀመሰው? እናታችን ለሁላችንም ምን አበላችን?»

«እትዬ፣ ጉበት ለኔ...»

«አንቺን ማን ብዪ አለሽ? ለልጁ ነው!»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከጣት ጫፍ ካልበለጠ ግድ የለም ብላለች፣» አለች ኢንግቪል ከመኝታ ቤት። ሻንጣዋን እየከተተች ነበር። የሕፃኑም ልብስ አብሮ ሲከተት አየሁ።

ምን ላድርግ? ድስቱን ጣድኩ። ጉበቱ እንደ በሽተኛ ምላስ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ስይዘው ከመዳፌ ተንሸራተተ። ትሉን በቢላ ጫፍ ለቀምኩ፤ አዎ፣ ትል አለው፣ ሁሌም አለው። ሲፈላ ቢጫው ዘይት ከላይ ሰፈፈ፣ መስኮቱ አላበው፣ ያ ጠረን መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። የተቀቀለውን ዓሣና ድንች ከቁራጯ ጉበት ጋር በሹካ ደፈጠጥኩ።

እኛ ዘንድ ለሕፃን ዓሣ የሚያበላ ሰው እያንዳንዱን ማንኪያ አስቀድሞ በራሱ ምላስ ይፈትሻል፣ እሾህ እንዳይኖረው። ኢንግቪልን ያሳደግኳት እንዲሁ ነው፤ ያለ ጉበት ነበር እንጂ። ኤይለርትን ፊት ለፊቴ ከፍ ያለ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና የመጀመሪያውን ማንኪያ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ወይኔ! ዘይቱ ጥርሴን አለበሰው። መልሼ ማንኪያው ላይ አወጣሁና ለልጁ አቀረብኩ። አትፀየፉኝ፣ እንዲያ ነው የሚደረገው። ልጁ አፉን ግጥም አደረገ። አፍንጫውን ሸብሽቦ፣ ከንፈሩን ቁልቁል ጥሎ፣ ሆዱን የቆረጠው ሽማግሌ መሰለ።

ሁለተኛ ሞከርኩ። ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ኡድሩን ጠረጴዛውን እየደበደበች ሣቀች።

«እቴ፣ መስታወት ላምጣልሽ? ልጁ እኮ ማንኪያውን አያይም፣ የሚያየው ያንቺን ፊት ነው! አንቺ መርዝ የጠጣሽ መስለሽ፣ እሱ ምን ቆርጦት ይብላ?»

ፊቴን ዳሰስኩት። እውነቷን ነው። ገንፎውንም ካሮቱንም ሙዙንም በዚሁ በተጨማደደ ፊት ነበር የሰጠሁት። እንግዲያው ፈገግ ልበል ብዬ ጥርሴን ባሳየው፣ ጭራሽ ጮኾ አለቀሰ።

«ተዪው፣ እማ፣» አለች ኢንግቪል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ነገ በጠዋቱ ጀልባ እንሄዳለን።»

ብትቆጣ እችለው ነበር። እንዲህ ስታዝንልኝ ግን አልቻልኩም።

ልጁን አነሳሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጀርባው ደረቴ ላይ፣ ፊቱ ወደ ሳህኑ። እሾሁን በምላሴ መፈለግ ትቼ በጣቶቼ እያሸሁ ፈለግኩ።

«እናታችን ይህን ብታይ!» አለች ኡድሩን።

«አላየችም፤ አንቺም ዝም በይ።»

ከልጁ አናት በላይ ፊቴን እንዳሻው እንዲሆን ለቀቅኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንባዬ ወረደ። ማንኪያውን በጭፍን ወደ ፊት ላክሁት።

ማንኪያው ተያዘ። በድዱ ነክሶ አልለቅም አለ።

«ዋጠ!» ብላ ጮኸች ኢንግቪል።

አራት፣ አምስት፣ ስድስት ማንኪያ፤ እንደ ድመት እያጉረመረመ። ዘይቱ ከአገጩ ወደ እጅጌዬ፣ ከእጅጌዬ እስከ ክርኔ ገባ። አገሳና ያን ጠረን ሽቅብ አፍንጫዬ ላይ ላከልኝ። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ እጁን ነከረ፣ ጭብጥ ሙሉ ዘግኖ ዞረና ከነጣቶቹ አፌ ውስጥ ወሸቀው። ወሽቆም አልቀረም፤ ቀና ብሎ ፊቴን ትክ ብሎ ያየኝ ጀመር።

ኡድሩን ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ኢንግቪል በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ጉበቱ ምላሴ ላይ ቀለጠ። ከንፈሬ ሊንቀጠቀጥ ዳዳው። ዋጥኩት። ይጣፍጣል አላልኩትም፤ ሕፃን መዋሸት አልወድም። አፌን ከፍቼ ባዶውን ብቻ አሳየሁት።

ኤይለርት ትንሽ አሰበ። ከዚያ እሱም አፉን ከፈተልኝ።

ኢንግቪል ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። የልጁን ልብስ ከሻንጣው እያወጣች መሳቢያ ውስጥ ስትመልስ ሰማኋት። ኡድሩን የድስቱን ክዳን አንስታ አየችና፣ «እሰይ፣ ለነገም ይተርፋችኋል፣» አለች።

ያኔ ነው ልጁን ለኡድሩን አቀብዬ፣ ወደ ውጭ ሮጬ፣ በረዶው ላይ ያስመለስኩት።