«ድሻ» ወይስ «ዳታ»

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ የምታነሳው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። «አንድ ቀን እንኳን እወድሻለሁ ሳይለኝ ሄደ» ትላለች። እውነቷን ነው። አባቴ ፍቅሩን የሚገልጸው ቧንቧ በመጠገን ነበር። ካኮረፈችው ደግሞ ያልተቃጠለ አምፖል ይቀይርላታል።

አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል፣ አባቴ በገዛ ካሜራው የቀረፀው ካሴት ተገኘ። ሻጋታ በልቶታል። ቪዲዮ ቤት ወሰድነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ስለ ካሴት ሲያወራ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደቆመ ሐኪም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እርጥበት መትቶታል፣ እማማ» አላት። «ግን ተስፋ አይቁረጡ።»

ክሩን በጥጥና በአልኮል ጠራርጎ ማሽኑ ውስጥ ሲከተው እኔ፣ እናቴና የአባቴ ታናሽ ወንድም አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። አጎቴን የጠራው የለም። ራሱ መጥቶ «ምን ያደርግላችኋል? የሞተ ሰው ይረፍ» እያለ ይነዘንዘናል።

ምስሉ እየዘለለ መጣ። አባቴ ለካ ቁልፉን አገላብጦ ነበር የሚጫነው! ቀረፅኩ ሲል ያጠፋል፣ አጠፋሁ ሲል ይቀርፃል። ስለዚህ ፊት የሚባል ነገር የለም። ያለው የሱ ጫማ፣ ሲሚንቶና የአሮጌዋ መኪናችን ጎማ ነው።

«ጫማው! ስንቴ ጥረገው ብዬዋለሁ!» አለች እናቴ ስክሪኑን እየተቆጣች።

ከዚያ ድምፁ መጣ። «ክርርር… እወ… ክርርር… ለሁ።»

እናቴ ከአግዳሚው ተነሳች። «ድሻ! እወድሻለሁ ነው ያለው!»

«ዳታ ነው» አለ አጎቴ መሬት መሬት እያየ። «እወዳታለሁ። መኪናዋን ነው። ጎማዋ ይታያችሁ የለም እንዴ?»

ሊሆን ይችላል፤ መኪናዋን በራሱ ካናቴራ ነበር የሚወለውላት። እኔ ግን በገንኩ። «አጎቴ፣ ምናለ ዝም ብትል?»

ዶክተር ገላገለን። ድምፁ ክሩ ላይ ሁለት ቦታ ነው የሚቀዳው፤ መሃሉ ቢበላሽም ዳር ላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል፤ እሱን የሚያነብ ሌላ አሮጌ ማሽን ፈልጌ እደውላለሁ አለን።

እናቴ እህል አልወርድ አላት። ወጥ ቤት ውስጥ ሆና «እወድሻለሁ… እወዳታለሁ…» እያለች የቱ «ክርርር» ባለው ቦታ ልክ እንደሚገባ ትለካለች። በመስኮት የሰማት ጎረቤታችን ለሁለት ቀን ሰላም ሲላት ተሽኮረመመ።

ስልኩ ሲጮኽ ቀድማኝ አነሳች። «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዳታው ተርፏል!» አላት ዶክተር።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። «ዳታ ነው አለኝ» አለች። ስልኩን አንስቼ ሰውዬውን አፋጠጥኩት። ገና አልሰማሁትም፣ «ዳታ» ያልኩት ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩትን ነው ብሎ ማለልኝ። ሁለተኛ ያንን ቃል ለእናቴ እንዳይናገር አስጠንቅቄ ዘጋሁበት።

እንደገና ቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደረደርን። ጫማው መጣ፣ ጎማው መጣ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«እወዳታለሁ።»

የእናቴ ትከሻ ወደቀ። «ይሁና» አለች ቀስ ብላ። «ደህና መኪና ነበረች።»

አባቴ በሕይወት ቢኖር በዚያች ሰዓት ልጁ መሆኔን ረስቼ እሰድበው ነበር።

የገረመኝ ግን አጎቴ ነው። ክርክሩን አሸንፎ ደስ እንደሚለው ስጠብቅ ብድግ ብሎ «በቃ፣ ሰማን! አጥፋው! አጥፋው እኮ ነው የምልህ!» ብሎ ጮኸ።

ዶክተር ደንግጦ እጁን ሲዘረጋ አባቴ ቀጠለ። «አንተ ግን እንዳትነግራት። ትኮራብኛለች።»

እናቴ ወደ አጎቴ ዞረች። «ዋርሳዬ፣ መኪናዋ ናት የምትኮራው?»

አጎቴ ተመልሶ ተቀመጠ። «ቃል አስገባኝ» አለ። «ታላቄ ነው፣ ምን ላድርግ? ከሞተ በኋላማ ማንን አስፈቅጄ ልንገርሽ?» ይህን ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። አጎቴ ያውቃል፣ መኪናዋ ሳትቀር ሰምታለች፤ ያልሰማችው እናቴ ብቻ ነበረች። አሳዘነችኝ፣ ደስም አለኝ፣ አለቀስኩ።

እሷ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንስታ አገጯን ቀና አደረገችና ሁላችንንም አልፋን ወጣች። ዶክተርን እንኳን አላመሰገነችም። እየሮጥኩ መንገድ ላይ ደረስኩባት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ጥለሽን ወዴት ነው?»

«ተዪኝ» አለች ዞር ሳትል። «እየኮራሁበት ነው።»