የሚጠበቅ ሰው

ወንድሜ አምሃ ወደ ሂማላያ ሊሄድ ሲነሣ እናታችን ቀይ የሱፍ ኮፍያ ሠራችለት። ስቶክሆልም፣ ብሬዴንግ ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ «ሊፍት ስትጠግን የምትወጣው አልበቃ ብሎህ ነው?» ትለው ነበር።

«እሱማ ራሱ ነው የሚያወጣኝ፣ እማዬ።»

ሁለት ዓመት በረዶ ላይ ሲለማመድ ቆይቶ፣ መሪ ያለው አንድ የስዊድን ቡድን ተቀብሎታል። ተራራው ቾ ኦዩ ይባላል፤ ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ ነው።

እናታችን ወይዘሮ ደሚቱ ልቧን ያማት ነበር። አምሃ ሻንጣውን ዘግቶ ኩሽና ጠራኝ።

«የሆነ ነገር ቢፈጠር ትነግሪኛለሽ። የትም ብሆን እወርዳለሁ። አምሃ ይሙት በይ።»

ተራራ ለሚወጣ ሰው እንዲህ ማለት ከበደኝ።

«እማዬ ትሙት» አልኩት።

በሄደ በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሣ ቀረች።

የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ይገዙ፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ያውም ገደል አፋፍ ላይ ላለ ልጅ! ሲመለስ፣ በማለዳ፣ ሰው ባለበት እንነግረዋለን።» የተሰበሰበው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ መሐላዬን አልነገርኳቸውም። ዝም ማለት ይቀለኛል።

በማግስቱ ለጋሽ ይገዙ ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ወደ ቀብር አስፈጻሚው ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚጠበቅ ሰው ካለ ለሳምንታት ማቆየት እንደሚቻል ነገረችን። ተረጎምኩላቸው።

«የለም በያት፣ ልጄ። ሬሳ ማቆየት ደግ አይደለም።»

«ኔይ» አልኳት። ቀብሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተያዘ።

በሦስተኛው ቀን አምሃ በሳተላይት ስልክ ደወለ። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ስልኩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

«ዲቦ! ምንድን ነው ጫጫታው?»

«የእማዬ ማኅበር ነው።»

«እኛ ምስር እየበላን ነው። ወጥ እንዳይመስልሽ፣ የሕፃን ምግብ ነው። እስቲ እማዬን አገናኚኝ።»

«ጋደም ብላለች።»

«እንግዳ አስቀምጣ?»

በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማል።

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ። «መሪያችን ነፋሱ እስኪበርድ አሥር ቀን ከዚህ አንነቃነቅም ብሎናል። አሟት ከሆነ ዛሬውኑ እወርዳለሁ። ምለሽልኛል።»

«ደህና ናት» አልኩት። «አንተ ውጣ።»

ጫፍ መድረሱን ከቀብሩ በኋላ ከቡድኑ ድረ ገጽ ላይ አነበብኩ።

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስንቀበለው ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ነበር። እማዬ ለምርመራ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ዛሬ ጠያቂ አይገባም፣ ነገ እንሄዳለን አልነው። እንደ ደከመው እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። አምሃ ስቶክሆልም የገባው በስምንት ዓመቱ ነው፤ ሽማግሌዎች በዚህ ሰዓት ተሰብስበው ሰው ቤት ለምን እንደሚመጡ አያውቅም። በካልሲው ሮጦ ከፈተላቸው።

«እንኳን ደስ ያለህ ልትሉኝ ነው? ግቡ፣ ግቡ!»

ፎቶውን ለጋሽ ይገዙ ሰጣቸው። ቀዩን ኮፍያ አድርጓል፤ ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው። «መጀመሪያ ለእማዬ ነበር የማሳየው፣ ግን እርስዎ ይዩት» አላቸው። ጋሽ ይገዙ ፎቶውን ሳያዩ አጠገባቸው ላለው ሰው አቀበሉት። አምሃ የእያንዳንዳቸውን ፊት አየ። በመጨረሻ የእኔን።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቀለል ሲል ኩሽና መጣ። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«መቼ ተቀበረች?»

ቀኑን ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ።

«ድንኳን ውስጥ ካርታ ስጫወት ነበር» አለ። ከዚያ በስዊድንኛ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ የቀብር ቢሮዎቹ የሚጠበቅ ሰው አለ ወይ አላሉም?

«ብለዋል።»

«ማን መለሰላቸው?»

ጋሽ ይገዙ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ስማቸውን መጥራት እችል ነበር።

«እኔ» አልኩት።